የማይቀልጠው ፕላስቲክ አባት፦ የሊዮ ቤክላንድ ሕይወትና ሥራ

መግቢያ

ስለ ኢንጂነሪንግ ማቴሪያሎች ስንማር ብረታ ብረት፣ ሴራሚክ፣ ፖሊመርና ኮምፖዚት ተብሎ በሰንጠረዥ ተከፋፍሎ ይቀርብልናል። የእያንዳንዱ ጥንካሬ፣ ክብደትና ሙቀት የመቋቋም አቅም በቁጥር ተቀምጧል። እኛም ቁጥሩን ሸምድደን ፈተና እንፈተንበታለን፤ ከፈተናው በኋላ ደግሞ እንረሳዋለን። ታዲያ ከቁጥሮቹ ጀርባ ሰዎች አሉ። ዕዳ ውስጥ የገቡ፣ ታመው የተኙ፣ ሌላው ቆሻሻ ነው ብሎ የጣለውን ነገር አንስተው ለዓመታት ሲያገላብጡ የኖሩ ሰዎች።

ከነዚህ ሰዎች አንዱ ሊዮ ቤክላንድ ነው። ቤክላንድ ሙሉ በሙሉ ከኬሚካል የተሠራውን የመጀመሪያውን ፕላስቲክ ለዓለም ያበረከተ ኬሚስት ሲሆን ፕላስቲኩም በስሙ ቤክላይት ተብሎ ተጠርቷል። በዚህች አጭር ጽሑፍ የሕይወት ታሪኩን፣ የቤክላይትን ባሕርያትና አገልግሎት እንዲሁም ከፋይበር ጋር ተዋህዶ እንዴት የዛሬዎቹን ኮምፖዚቶች መንገድ እንደጠረገ ለማየት እንሞክራለን። በተለይ ግን አንድ ነገር ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ። ቤክላንድ የተጠቀመባቸውን ሁለት ኬሚካሎች ከሱ በፊት ብዙ ሰዎች ደባልቀዋቸዋል። እሱ የሚለየው ሌሎቹ የሸሹትን ሙቀት ፊት ለፊት ገጥሞ መቆጣጠር በመቻሉ ነው። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ልጅነትና ትምህርት

ሊዮ ሄንድሪክ ቤክላንድ ኖቬምበር 14 ቀን 1863 በቤልጅየም ጌንት ከተማ ተወለደ። አባቱ ጫማ ሰፊ፣ እናቱ ደግሞ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ሴት ነበረች። አባትየው ልጁ ቶሎ የሱን ሙያ ይዞ ቤቱን እንዲያግዝ ይፈልግ ነበር። እናትየው ግን በዚህ አልተስማማችም፤ ልጄ መማር አለበት ብላ ድርቅ አለች። በመጨረሻም ያሸነፈችው እሷ ናት። ያቺ ሴት በዚያን ጊዜ ብትሸነፍ ኖሮ ዓለም አንድ ኬሚስት አጥቶ አንድ ጫማ ሰፊ ባገኘ ነበር።

ልጁም አላሳፈራትም። በከተማው የቴክኒክ ትምህርት ቤት የማታ እየተማረ በኬሚስትሪና በፊዚክስ ብልጫ አሳየ። የጌንት ከተማ የነፃ ትምህርት ዕድል ስለሰጠው በ1880 ገና በ17 ዓመቱ ጌንት ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ በ1884 ደግሞ በ21 ዓመቱ የዶክትሬት ዲግሪውን በከፍተኛ ማዕረግ ያዘ። ተማሪ ሳለ ልቡን የሰረቀው ፎቶግራፍ ነበር። ለፎቶግራፍ የሚያስፈልገውን የብር ውህድ መግዣ ገንዘብ ቢያጣ አባቱ የሰጠውን የሰዓት የብር ሰንሰለት በአሲድ አሟሙቶ ራሱ እንዳዘጋጀው ይነገራል። ታሪኩ ስለሰውየው ብዙ ይናገራል። ቤክላንድ ከልጅነቱ ጀምሮ ዕውቀትን በእጁ ካልነካው የሚያምን ሰው አልነበረም።

በ1889 በዚያው ዩኒቨርሲቲ ተባባሪ ፕሮፌሰር ሆነ። በዚሁ ዓመት የመምህሩን የፕሮፌሰር ቴዎዶር ስዋርትስን ልጅ ሴሊንን አገባ። እንግዲህ ከዚህ በኋላ የሚጠብቀው ኑሮ የታወቀ ነው። ማስተማር፣ ጽሑፍ ማሳተም፣ ደረጃ በደረጃ ማደግ፣ በክብር ጡረታ መውጣት። እሱ ግን ሌላ መንገድ መረጠ።

አሜሪካ፣ ዕዳና ሕመም

ከጋብቻው በኋላ ባገኘው የጉዞ ስኮላርሺፕ እንግሊዝንና አሜሪካን ለመጎብኘት ወጣ። ኒው ዮርክ ሲደርስ የኮሎምቢያው ፕሮፌሰር ቻርልስ ቻንድለር ችሎታውን አይተው እዚያው ቢቀር እንደሚሻለው መከሩት። ምክሩን ተቀብሎ የዩኒቨርሲቲ ሥራውን ለቀቀና በአንድ የፎቶግራፍ ዕቃ አምራች ድርጅት ተቀጠረ። በ1891 ደግሞ ይሄንንም ትቶ ራሱን የቻለ አማካሪ ኬሚስት ሆነ።

ነገሩ እንዳሰበው አልሄደለትም። ብዙ ሐሳብ ነበረው፤ ሁሉንም ባንድ ጊዜ ጀመረ፤ አንዱንም ሳይጨርስ ገንዘቡ አለቀ። በዚህ ላይ በጠና ታመመ። ባዕድ አገር፣ ሚስት፣ ዕዳ፣ ሕመም፤ ይሄ ሁሉ ባንዴ መጣበት። ታሪኩን የጻፉ ሰዎች እንደሚሉት የሕይወቱ መንገድ የተለወጠው አልጋ ላይ ተኝቶ ሳለ ነው። ከዚህ በኋላ አሥሩን ነገር መጀመር ትቼ አንዱን ብቻ እይዛለሁ፤ እሱንም ፍሬ እስኪሰጥ አልለቅም ብሎ ወሰነ።

የመረጠው አንድ ነገር የፎቶግራፍ ወረቀት ነበር። በዚያ ዘመን ፎቶ በወረቀት ላይ የሚታተመው በፀሐይ ብርሃን ነበር። ሰማዩ ከደመነ ሥራው ቆመ ማለት ነው። ቤክላንድ ያዘጋጀው ቬሎክስ የተባለው ወረቀት ግን በመብራት ሊታተም የሚችል ነው። በ1893 ከሊዮናርድ ጃኮቢ ጋር ኔፔራ የተባለ ኩባንያ በኒው ዮርክ አቅራቢያ ዮንከርስ ላይ አቋቋሙ። በዚያው ዓመት አሜሪካ በኢኮኖሚ ቀውስ ተመታች። ፎቶግራፍ አንሺዎቹም የለመዱትን መተው አልወደዱም፤ የአጠቃቀም መመሪያውን ሳያነቡ ወረቀቱን አበላሽተው መልሰው ወረቀቱን የሚያሙ ብዙዎች ነበሩ። ቢሆንም ቀስ እያለ ገበያው ተገኘ። በ1899 የኮዳክ ባለቤት ጆርጅ ኢስትማን ኩባንያውን በ750 ሺህ ዶላር ገደማ ገዛው። ከዚህ ውስጥ የቤክላንድ ድርሻ ከ200 ሺህ ዶላር በላይ ነበር። በዚያን ጊዜ ይሄ ትልቅ ሀብት ነው።

ገና የ35 ዓመት ጎልማሳ ነበር። ቁጭ ብሎ መብላት ይችል ነበር። እሱ ግን ዮንከርስ ላይ ሐድሰን ወንዝን ቁልቁል የሚያይ ቤት ገዛና ግቢው ውስጥ ላቦራቶሪ ሠራ። በ1900 ደግሞ ዕውቀቴ አርጅቷል ብሎ ወደ ጀርመን ሄዶ በቻርሎተንበርግ የቴክኒክ ተቋም ኤሌክትሮኬሚስትሪ ተማረ። ዶክተርና ሀብታም ሆኖ ሳለ እንደገና ተማሪ ሆነ ማለት ነው። የተማረውም አልባከነም። ሲመለስ ጨው በኤሌክትሪክ ተበትኖ ክሎሪንና ኮስቲክ ሶዳ የሚመረትበትን አዲስ ሴል ለማሻሻል ተቀጠረ፤ ይህም በናያግራ ፏፏቴ ለተቋቋመው የሁከር ኩባንያ ፋብሪካ መሠረት ሆነ። ከዚህ ሥራ አንድ መርሕ ይዞ ወጣ። ስሕተትህን በትንሽ ሙከራ ላይ ሥራና ጨርስ፤ ትልቁን ፋብሪካ ከዚያ በኋላ ትሠራለህ። እኛ ዛሬ ፓይለት ፕላንት የምንለው መሆኑ ነው።

ሁሉም የጣሉት ሙጫ

ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። የ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ኤሌክትሪክ በየከተማው የሚገባበት ጊዜ ነበር። ኤሌክትሪክ ደግሞ ሽቦ ብቻ አይደለም፤ ሽቦውን የሚሸፍንና የሚለይ ኢንሱሌተር ይፈልጋል። በጊዜው ከነበሩት አንዱ ሼላክ ነው። ሼላክ በሕንድና በአካባቢዋ አገሮች ዛፍ ላይ የሚኖሩ ትንንሽ ነፍሳት የሚያመነጩት ሙጫ ነው። ትንሽ ሼላክ ለማግኘት በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ነፍሳት ለወራት መሥራት አለባቸው። ፈላጊው ሲበዛ ዋጋው ናረ፤ ነፍሳቱን ደግሞ ቶሎ ቶሎ በሉ ማለት አይቻልም! ሌላው አማራጭ ሴሉሎይድ ነበር። ሴሉሎይድ ከጥጥና ከናይትሪክ አሲድ የሚሠራ፣ ከፊሉ ተፈጥሯዊ የሆነ ፕላስቲክ ነው። ችግሩ እሳት ካየ ቦግ ይላል። ለኤሌክትሪክ ዕቃ ይሄ እንደማይሆን ግልጽ ነው።

መልሱ ያለበት ቦታ ግን ከ30 ዓመት በፊት ታይቶ ነበር። በ1872 ጀርመናዊው ኬሚስት አዶልፍ ፎን ባየር ፌኖልና አልዲሃይድ ሲደባለቁ ሙጫ የመሰለ ነገር እንደሚፈጠር ጽፏል። ፌኖል ከድንጋይ ከሰል ሬንጅ የሚገኝ፣ ፎርማልዲሃይድ ደግሞ ከሜቲል አልኮል የሚሠራ ኬሚካል ነው። የተፈጠረው ነገር ግን ለዚያ ዘመን ኬሚስት ምንም አይረባም። ኬሚስቱ የሚፈልገው ጥርት ያለ ክሪስታል ነው። ይሄ ግን አይሟሟ፣ አይቀልጥ፣ ከብልቃጡ ላይ አይላቀቅ። ብልቃጡን አበላሽቶ ይቀራል። ስለዚህ ጣሉት።

ለንግድ የሞከሩትም ነበሩ። እነሱም ቢሆኑ አንድ እንቅፋት ገጠማቸው። ፌኖልና ፎርማልዲሃይድ ሲዋሃዱ ሙቀት ይወጣል፣ ውሃም ይፈጠራል። ሙቀቱ ሲበዛ ውሃው ይፈላና እንፋሎቱ ሙጫውን አረፋ ያደርገዋል። ውጤቱ እንደ እንጀራ ዓይን በዓይን የተሞላ ነገር ነው። ዓይኑ ለእንጀራ ውበት ነው፤ ለኢንሱሌተር ግን ሞት ነው። ስለዚህ ሁሉም ያደረጉት ነገር ማብረድ ነበር። ሙቀቱን ዝቅ፣ ውህደቱን ቀስ። በዚህ መንገድ ሲሄዱ ደግሞ ሙጫው ለመድረቅ ቀናትና ሳምንታት ፈጀ፤ ሲደርቅም ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል።

ቤክላንድም ከረዳቱ ከናታንየል ተርሎው ጋር ሲጀምር ሼላክን የሚተካ፣ የሚሟሟ ሙጫ ነበር የሚፈልገው። ኖቮላክ የሚባል አንድ ዓይነት አግኝተው ነበር፤ ነገር ግን ገበያው አልተቀበለውም። በ1907 አቅጣጫውን ቀየረ። ሙጫውን እንጨት ውስጥ አስርጎ እንጨቱን ማጠንከር ፈለገ። በሰኔ ወር ባደረገው ሙከራ እንጨቱን ከድብልቁ ጋር በታሸገ ዕቃ ውስጥ አሞቀው። ሲከፍተው ከእንጨቱ ይልቅ ዓይኑን የሳበው ከእንጨቱ ውስጥ ወጥቶ የደረቀው ሙጫ ነበር። እጅግ ጠንካራ ነው፤ ምንም ነገር አያሟሟውም፤ ዓይን የለውም።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ዋናው ነገር የተገለጠለት። ማብረድ አያስፈልግም፤ እንዲያውም ማጋል ነው የሚያስፈልገው። ነገር ግን ሲጋል ከላይ ግፊት ይኑር። ግፊት ካለ ውሃው አረፋ መሥራት አይችልም፤ ሙጫው እንደታመቀ ይጠነክራል። ሐሳቡ ዛሬ በየቤታችን ካለው የግፊት ድስት ጋር አንድ ነው። ለዚህም ቤክላይዘር የተባለውን ወፍራም የብረት ጋን አሠራ። ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ፣ እስከ 150 አካባቢ እያሞቀ በግፊት ሲያበስለው ሌሎች በሳምንታት ያላገኙትን በአጭር ጊዜ አገኘው። ጁላይ 13 ቀን 1907 የፓተንት ማመልከቻ አስገባ፤ ዲሴምበር 7 ቀን 1909 ተፈቀደለት። በፌብሩዋሪ 1909 ደግሞ ለአሜሪካ ኬሚካል ማኅበር የኒው ዮርክ ቅርንጫፍ ግኝቱን በይፋ አቀረበ። የመጀመሪያው ቤክላይዘር ዛሬ በዋሽንግተን በስሚዝሶንያን ሙዚየም ይገኛል።

ከቅቤና ከእንቁላል የምንማረው

ቤክላይት ለምን አይቀልጥም? ጉዳዩን በቤታችን ባሉ ሁለት ነገሮች ማየት ይቻላል። ቅቤ ሲሞቅ ይቀልጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይረጋል፤ መቶ ጊዜ ቢመላለስም ያው ቅቤ ነው። እንቁላል ግን አንዴ ከተቀቀለ ወደ ጥሬነቱ አይመለስም፤ ቢያሞቁትም አይቀልጥም። ፕላስቲኮችም እንደዚሁ ሁለት ናቸው። ቴርሞፕላስቲክ የሚባሉት እንደ ቅቤው ሲሆኑ ፌስታልና ጄሪካን የሚሠሩባቸው ከነዚህ ናቸው። ቴርሞሴት የሚባሉት እንደ እንቁላሉ ናቸው። ቤክላይት የቴርሞሴቶች ሁሉ ታላቅ ወንድም ነው። ሞለኪዩሎቹ በሁሉም አቅጣጫ እርስ በርስ ተያይዘው እንደ መረብ ስለሚተሳሰሩ ሙቀት ሊያላቅቃቸው አይችልም፤ በጣም ቢበዛ ይከስላል እንጂ አይፈስም።

ቤክላንድ የማብሰል ሂደቱን ሀ፣ ለ እና ሐ እንደማለት በሦስት ደረጃ ከፈለው። በመጀመሪያው ደረጃ ሙጫው ፈሳሽ ወይም የሚሟሟ ነው። በሁለተኛው ደረጃ አይፈስም፤ ነገር ግን ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ቅርጽ ይይዛል። በሦስተኛው ደረጃ ለዘለዓለም ይጠነክራል። ይህ አከፋፈል ቀላል ቢመስልም ትልቅ ነገር ነው። ምክንያቱም ፋብሪካው ሙጫውን በመሐከለኛው ደረጃ ላይ አስቁሞ ለሌላ ፋብሪካ መሸጥ ይችላል፤ ገዥው ደግሞ በሞልድ ውስጥ ጨምቆ በሙቀት ይጨርሰዋል።

የሚገርመው በዚያን ጊዜ ፖሊመር ማለት ምን እንደሆነ ማንም በትክክል አለማወቁ ነው። ኸርማን ሽታውዲንገር ረጃጅም ሰንሰለት ያላቸው ሞለኪዩሎች አሉ ብሎ የጻፈው በ1920 ነው፤ ብዙዎች ተቃውመውት ቆይተው በ1953 የኖቤል ሽልማት አገኘበት። እጅ ከቲዎሪ ቀድሞ ሄዷል ማለት ነው።

ጭድ ያልገባበት ጭቃ

ቤክላይት ያለ እንከን አልነበረም። ብቻውን ሲሆን ተሰባሪ ነው፤ ጠንካራ ነው እንጂ ጽኑ አይደለም። ከከፍታ ቢወድቅ ይሰነጠቃል። መፍትሔው ደግሞ አባቶቻችን ቤት ሲሠሩ የሚያውቁት ነው። የጭቃ ቤት ሲመረግ ጭቃው ከጭድ ጋር ይቦካል። ጭድ የሌለው ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፤ ጭዱ ግን ስንጥቁን ይዞ ያስቆመዋል። ጭቃው ደግሞ ጭዱን አያይዞ ቅርጽ ይሰጠዋል። ኮምፖዚት ማለት በአጭሩ ይሄው ነው፦ አንዱ ያያይዛል፣ ሌላው ይሸከማል።

ቤክላንድም ሙጫውን ከእንጨት ዱቄት፣ ከጥጥ ቁርጥራጭና ከአስቤስቶስ ጋር ደባለቀው። የእንጨት ዱቄቱ ዋጋውን ይቀንሳል፣ ሲደርቅ መኮማተሩንም ይገታል። የጥጥ ፋይበሩ ምት እንዲችል ያደርገዋል። አስቤስቶሱ ደግሞ ሙቀት ይቋቋማል። ያለ ፋይበር ቤክላይት የኬሚስት ጌጥ ሆኖ በቀረ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሌላኛው መንገድ ማነባበር ነው። ወረቀት ወይም የጥጥ ጨርቅ በፈሳሹ ሙጫ ተነክሮ ወደ ሁለተኛው ደረጃ እስኪደርስ ይደርቃል። ከዚያ ብዙ ገበታ ተነባብሮ በጋለ ፕሬስ ይጨመቃል። የሚወጣው አንድ ወጥ ጠፍጣፋ ሰሌዳ ነው። በዌስቲንግሃውስ ይሠሩ የነበሩት ዳንኤል ኦኮነርና ኸርበርት ፌበር ይህን ሰሌዳ የኤሌክትሪክ ኢንሱሌተር ሆኖ ሚካ የተባለውን ማዕድን እንዲተካ ፈለጉ። በ1913 የራሳቸውን ኩባንያ ሲያቋቁሙ ስሙን በሚካ ምትክ ለማለት ፎርማይካ አሉት። ዛሬ የጠረጴዛና የቁም ሳጥን ገጽ ላይ የምናውቀው ፎርማይካ ልደቱ ይሄ ነው። ላዩ በኋላ ላይ ሜላሚን በተባለ ሌላ ሬዚን ተለወጠ እንጂ ውስጡ ያለው ቡናማ ወረቀት አሁንም በፌኖል ሙጫ የተነከረ ነው። በጥጥ ጨርቅ የተነባበረው ሰሌዳ ደግሞ ተቆርጦ ጥርስ ወጥቶለት የመኪና ሞተር ጊር ሆነ፤ እንደ ብረት ጊር አይጮህም።

ከባሕርያቱ ዋና ዋናዎቹን ብንጠቅስ፦ በእንጨት ዱቄት የተሠራ ቤክላይት በአንድ ኩቢክ ሴንቲ ሜትር 1.4 ግራም ገደማ ሲመዝን ብረት ደግሞ 7.8 ገደማ ይመዝናል። 150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ያለ ሙቀት ይችላል። ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ዘይት፣ ቤንዚንና ብዙ አሲዶች አይነኩትም። ድክመቱ ደግሞ ተሰባሪነቱና ቀለሙ ነው። በባሕርዩ ስለሚጠቁር ጥቁርና ቡናማ እንጂ ደማቅ ቀለም አይወጣለትም።

ንግድና ክርክር

በ1910 ጀነራል ቤክላይት ኩባንያ ተቋቋመ። የመጀመሪያዎቹ ደንበኞች የኤሌክትሪክ ዕቃ አምራቾች ነበሩ። ቀጥሎ የመኪና ማቀጣጠያ ክፍሎች፣ ከዚያ ሬድዮ፣ ስልክ፣ የካሜራ ሳጥን፣ የብዕር እጀታ፣ የቢሊያርድ ኳስ መጣ። በዕድሜ የገፉ ሰዎች የሚያስታውሱት ያ ከባድ ጥቁር የጠረጴዛ ስልክ የቤክላይት ሥራ ነው። ኩባንያው ለአርማው የመረጠው የሒሳብ ሊቃውንት ወሰን አልባ የሚሉትን ምልክት ነበር፤ አገልግሎቱ ማለቂያ የለውም ለማለት ነው።

ክርክርም አልቀረም። በእንግሊዝ ጄምስ ስዊንበርን የተባለ መሐንዲስ ተመሳሳይ ነገር ሠርቶ ፓተንት ሊያስመዘግብ ሲሄድ በአንድ ቀን ብቻ እንደተቀደመ ይነገራል። ቤክላንድ ግን ሰውየውን እንደ ጠላት አልቆጠረውም፤ በኋላ የእንግሊዙ ቤክላይት ኩባንያ ሊቀመንበር የሆነው ይኸው ስዊንበርን ነው። በአሜሪካ ደግሞ ሬድማኖልና ኮንደንሳይት የተባሉ ሁለት ተፎካካሪዎች ተነሡበት። ቤክላንድ ፍርድ ቤት ገትሮ ረታቸው፤ ከዚያም እንደማጥፋት አዋሃዳቸውና በ1922 ሦስቱ በአንድነት ቤክላይት ኮርፖሬሽን ሆኑ። በ1924 ታይም መጽሔት ፎቶውን በሽፋኑ ላይ አወጣ፤ በዚያው ዓመት የአሜሪካ ኬሚካል ማኅበር ፕሬዚዳንት ነበር። ዋናው ፓተንት ሲያበቃ ሌሎች አምራቾች ገቡ፤ ደማቅ ቀለም ያላቸው አዳዲስ ፕላስቲኮችም ገበያውን ይሻሙ ጀመር።

የሳንቲሙ ሌላ ገጽ

ስለ አንድ ታላቅ ሰው ሲጻፍ ጥሩውን ብቻ ዘርዝሮ ማቆም የተለመደ ነው። እኛ ግን ነገ ማቴሪያል መርጠን ዕቃ የምንሠራ ሰዎች ስለሆንን ሌላውንም ማየት ይገባናል።

አንደኛ፣ ሙቀት እንዲችል የተጨመረው አስቤስቶስ በሳንባ ላይ አስከፊ በሽታና ካንሰር ያስከትላል። ዕቃው ሳይሰበር አደጋው ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ዱቄቱን ሲደባልቁ፣ ሲቆርጡና ሲሞርዱ የኖሩት ሠራተኞች ብናኙን ተነፈሱት። ዛሬ አስቤስቶስ በብዙ አገሮች ታግዷል። ሁለተኛ፣ ፎርማልዲሃይድ ራሱ ካንሰር አምጪ መሆኑን ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2004 አስታውቋል። ሦስተኛ፣ ቤክላይት የተወደደበት ባሕርይ ራሱ ዕዳ ሆኗል። የማይቀልጥ ነገር ተመልሶ አይሠራም። ፈጭቶ መሙያ ከማድረግ በቀር እንደ ጄሪካን አቅልጦ አዲስ ዕቃ ማውጣት አይቻልም። የተቀቀለው እንቁላል ተረት እዚህ ላይ መራራ ይሆናል።

ይህን ስንል በቤክላንድ ላይ ፍርድ ለመስጠት አይደለም። እሱ የጠየቀው ጥያቄ ይሄ ነገር ምን ያህል ይጸናል የሚል ነበር፤ አገልግሎቱ ሲያበቃስ የት ይሄዳል የሚለው ጥያቄ የኛ ነው።

የመጨረሻ ዓመታት

ቤክላንድ ከ60 በላይ የማስታወሻ ደብተሮች ትቷል። ሙከራውን፣ ገንዘቡን፣ የአየሩን ሁኔታ፣ ንዴቱን ሁሉ ይጽፍ ነበር። ለጀልባ፣ ለመኪናና ለጉዞ ልዩ ፍቅር ነበረው፤ በ1906 እና 1907 አካባቢ ቤተሰቡን በመኪና ይዞ አውሮፓን ዞሮ ስለዚሁ ጉዞ መጽሐፍ አሳትሟል። ድግስና ክብር ግን እያደር አስጠላው።

ኩባንያውን ልጁ ጆርጅ እንዲረከብ ተስፋ አድርጎ ነበር። ጆርጅ ግን ለዚህ ልብ አልነበረውም፤ በአባትና በልጅ መሐከልም ቅሬታ ገባ። በመጨረሻ በ1939 ኩባንያው ለዩኒየን ካርባይድ ተሸጠ። ስሙን የተሸከመው ፋብሪካ ከቤተሰቡ እጅ ወጣ ማለት ነው። ፎርማልዲሃይድን ከፌኖል ያዋሃደ ሰው ከልጁ ጋር መዋሃድ ከበደው፤ ለሱ የሚሆን ቤክላይዘር አልተገኘም።

ከዚያ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ፍሎሪዳ ኮኮናት ግሮቭ ባለው ቤቱ ነበር የሚኖረው። ሚሊየነሩ ሰው ምግቡን ከቆርቆሮ ጣሳ እያወጣ ይበላ፣ ከሰውም እየራቀ ይሄድ ጀመር። ፌብሩዋሪ 23 ቀን 1944 በ80 ዓመቱ በኒው ዮርክ ግዛት ቢከን በተባለች ከተማ በአንድ የሕሙማን ማረፊያ ውስጥ አረፈ።

ማጠቃለያ

ቤክላይት የሚለው ስም ከገበያው ቢደበዝዝም ሙጫው አልሞተም። የድስት እጀታ፣ የአምፖል መያዣ፣ የመኪና ፍሬን ሸራ ውስጥ ያለው ማያያዣ፣ የብረት መቁረጫ ዲስክ፣ ለዝናብ የሚችል ኮምፔንሳቶ ማጣበቂያ ሁሉ ዛሬም በፌኖል ሬዚን ይሠራሉ። በአውሮፕላን ውስጥ ያሉ የግድግዳ ፓነሎች ከመስታወት ፋይበርና ከፌኖል ሬዚን የሚሠሩት እሳት ሲነሳ ጭሱ አነስተኛ ስለሆነ ነው። የስፔስ ሸትል ግዙፍ የጠጣር ነዳጅ ሮኬቶች አፈሙዝም ውስጡ በካርቦን ጨርቅና በፌኖል ሬዚን የተለበጠ ነበር። ሙጫው በእሳቱ ፊት ቀስ እያለ እየከሰለ ከበስተኋላው ያለውን ይጠብቃል። ጨርቁን በሙጫ ነክሮ፣ በመሐከለኛው ደረጃ አድርቆ፣ አነባብሮ በሙቀትና በግፊት ማብሰል፤ የዛሬው የአውሮፕላን ኮምፖዚት ሠሪ የሚከተለው መንገድ ያኔ ቤክላንድ ከከፈተው መንገድ ብዙ አይርቅም።

ከሕይወቱ ለኛ ለተማሪዎች የሚቀረው ምንድን ነው? በኔ አስተያየት ሦስት ነገር ነው። አሥር ነገር ጀምሮ አንዱንም አለመጨረስ ሊቅንም ቢሆን ዕዳ ውስጥ እንደሚከት አይተናል። የተበላሸ ሙከራ ከመጣላችን በፊት የተበላሸው ለምንድን ነው ብለን መጠየቅ እንዳለብን አይተናል፤ ባየር የጣለው ያ ግትር ሙጫ ሀብት ነበርና። በመጨረሻም ለመልካም ባሕርዩ የመረጥነው ማቴሪያል በዚያው ባሕርዩ ሊያስቸግረን እንደሚችል አይተናል። እንግዲህ በሚቀጥለው ጊዜ የማቴሪያል ሰንጠረዥ ስናነብ ቴርሞሴት በሚለው ረድፍ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ከረድፉ ጀርባ አንዲት ልጄ ይማር ያለች እናት፣ አንድ የታመመ ስደተኛ፣ አንድ የታሸገ የብረት ጋን አለ። ብናኙን የተነፈሱ ሠራተኞችም አሉ። ቁጥሩን ስንጠቀም ሁሉንም አብረን ብናስብ መልካም ነው።